ከማን የተሰወረ ጨዋነት? ስለ «የቴኒስ ልዑል» ጨካኝ አምበል

ስለ አንድ የጃፓን ሥዕላዊ ልቦለድ፣ ያውም ስለ ታዳጊ ቴኒስ ተጫዋቾች፣ በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ መጽሔት ላይ መጻፍ ከርእስ መውጣት ሊመስል ይችላል። እኔም ተማሪዎቼ መጽሐፉን በክፍል ውስጥ በጠረጴዛ ሥር ሲቀባበሉት ባየሁ ጊዜ የተሰማኝ ይኸው ነበር። ቀምቼ ወደ ቢሮዬ ወሰድሁት፤ ሳልመልስላቸውም ብዙ ቀን ቆየሁ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ድርሰቱን በሞላ መገምገም አይደለም። ከገጸ ባሕርያቱ አንዱን፣ አቶቤ ኬይጎ የተባለውን አምበል፣ መነሻ አድርጎ አንድ ጥያቄ ማንሣት ነው፤ ጨካኝ አለቃ በስውር ጨዋ ነው ሲባል ጨዋነቱ የተሰወረው ከማን ነው?

«የቴኒስ ልዑል» የታኬሺ ኮኖሚ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2008 በአንድ ሳምንታዊ የወጣቶች መጽሔት በተከታታይ የወጣ ሲሆን በ42 ቅጾች ተሰብስቧል። እኔ ያነበብሁት የእንግሊዝኛውን ትርጉም ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ኤቺዜን ሪዮማ የተባለ የ12 ዓመት ልጅ ቢሆንም፣ በእኔ አስተያየት ድርሰቱን ከተራ የስፖርት ታሪክ ከፍ የሚያደርጉት ተቃራኒዎቹ ናቸው። አቶቤ የሂዮቴይ ትምህርት ቤት የቴኒስ ቡድን አምበል ነው። ቡድኑ 200 ያህል አባላት አሉት፤ አንድ ጊዜ የተሸነፈ ተሰላፊ ቦታውን ያጣል፤ ይቅርታ የለም። ሕጉ የአሠልጣኙ ነው፤ አምበሉ ግን በሕጉ ውስጥ ዓሣ በውኃ ውስጥ እንደሚኖር ይኖርበታል።

ኮኖሚ ይህን ልጅ የቀረጸው በድርጊት ብቻ ሳይሆን በተውላጠ ስምም ጭምር ነው። አቶቤ ራሱን «ኦሬሳማ» እያለ ይጠራል። «ኦሬ» «እኔ» ማለት ሲሆን «ሳማ» ደግሞ በሌላ ሰው ስም ላይ የሚቀጸል የአክብሮት ቃል ነው። ልጁ አንቱታውን ለራሱ ይሰጣል ማለት ነው። ይህን ወደ አማርኛ የሚመልስ ተርጓሚ ምን ያደርግ ይሆን? «እኛ» ቢለው ንጉሥ ይሆንበታል፤ «እኔ ጌታችሁ» ቢለው ደግሞ የቀልድ ቃና ይገባበታል። የቀልዱ ቃና በጃፓንኛውም ሳይኖር አይቀርም። (ስሙ «አቶ» ብሎ መጀመሩን ተማሪዎቼ ሳያስተውሉት አላለፉም።) በመጀመሪያ እይታ እንግዲህ አቶቤ አስተኔ ገጸ ባሕርይ፣ ማለትም አንድ ገጽ ብቻ ያለው ትዕቢተኛ ነው። ድርሰቱ ይህን ግምታችንን ለማፍረስ ሁለት ትዕይንቶችን ያቀርባል። አንባቢ ሁሉ የሚያስታውሰው አንደኛውን ነው፤ እኔ ግን ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

የመጀመሪያው በካንቶ ውድድር አቶቤ ከሴይጋኩው አምበል ከቴዙካ ኩኒሚትሱ ጋር ያደረገው ግጥሚያ ነው። ቴዙካ ቀደም ሲል ግራ ክንዱን ተጎድቶ የዳነ ነው። አቶቤ የሰውን ድካም ነቅሶ የሚያይ ዓይን አለው፤ ክንዱ ረጅም ጨዋታ እንደማይችል ያያል። ስለዚህ ነጥቡን ቶሎ ከመጨረስ ይልቅ ጨዋታውን ሆን ብሎ ያራዝመዋል። ይህ ጭካኔ ነው፤ ሌላ ስም ልንፈልግለት አይገባም። ቴዙካ እየተቻኮለ ይሳሳታል ብሎ የጠበቀው አቶቤ ግን ያልጠበቀውን ያገኛል፤ ቴዙካ የተዘረጋለትን ወጥመድ እያወቀ ይገባበታል፤ የቡድኑን ድል ከክንዱ ያስበልጣል። ትከሻው ሊያሸንፍ አንድ ነጥብ ሲቀረው ይከዳዋል። ተመልሶ ይጫወታል። አቶቤ 7 ለ6 ያሸንፋል፤ መለያው ብቻ 37 ለ35 ነው። ከዚያም የተሸናፊውን እጅ ይዞ በሕዝብ ፊት ወደ ላይ ያነሣል።

ብዙዎች የአቶቤን ጨዋነት የሚያዩት በዚህች በተነሣች እጅ ነው። ውብ ሥዕል መሆኗን አልክድም። ነገር ግን የፉከራና የሽለላ ባህል ያሳደገው ተደራሲ ትንሽ ቆም ማለት አለበት። በእኛ ዘንድ ፎካሪ ብዙውን ጊዜ የጣለውን ጠላት አያሳንስም፤ የወደቀው አንበሳ ካልሆነ ጣዩም ጀግና አይባልምና። የቴዙካን እጅ ማንሣት የራስን ድል ማንሣትም ነው። ድርጊቱ ክብርን ያሳያል፤ ጨዋነትን ግን ገና አያረጋግጥም። እነዚህን ሁለት ቃላት አማርኛችን መለየቱ ለሐያሲ ትልቅ ስጦታ ነው። ክብር ሌሎች የሚሰጡን ነው፤ ጨዋነት ሌሎች ባያዩንም የምንይዘው ነው። በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) ውስጥ ፊታውራሪ መሸሻ ክብራቸውን ረስተው የሚውሉበት ቀን የለም፤ ያ ክብር ግን ትውልድና ማዕረግ ነው፤ ከሰው የሚጠየቅ እንጂ ለሰው የሚደረግ አይደለም። ብርሃኑ ዘሪሁን በበኩሉ የንጉሡን ጭካኔ ከልባቸው ጋር ለማስታረቅ የመረጠውን መንገድ ከርእሱ ጀምሮ ይነግረናል፤ «የቴዎድሮስ ዕንባ»። ኮኖሚ ለአቶቤ ዕንባ አልሰጠውም፤ ደግ አድርጓል።

ሁለተኛው ትዕይንት ከዚህ ግጥሚያ በፊት ያለ፣ ጥቂት ገጾች ብቻ የተሰጡት ነው። ሺሺዶ ሪዮ የተባለ የሂዮቴይ ተሰላፊ በአሳፋሪ ሁኔታ ተሸንፎ ከቡድኑ ተሰላፊነት ይወርዳል። ከኦቶሪ ቾታሮ ጋር ሌሊት ሌሊት ይለማመዳል፤ ራኬት ሳይዝ የዚያን ልጅ ፈጣን ሰርቭ በገላው ይቀበላል። ከዚያም አሠልጣኙን ሳካኪን ይለምናል። አሠልጣኙ አይሰማውም። ኦቶሪ ቦታዬን ልልቀቅለት ይላል። ሺሺዶ የሚኮራበትን ረጅም ፀጉሩን እዚያው ይቆርጠዋል። በዚህ ጊዜ አቶቤ ይመጣና እርሱም ስለ ሺሺዶ አሠልጣኙን ይለምናል። ለራሱ አንቱ ባይ የነበረው ልጅ ለሌላው ለማኝ ይሆናል። ጭብጨባ የለም፤ 200 አባላት አላዩትም። ኮኖሚም ምክንያቱን አይተነትንም፤ በሌላ ቦታ የሚያበዛውን ሐተታ እዚህ ላይ መተዉ የትዕይንቱ ጉልበት ነው።

በኋላ በብሔራዊው ውድድር አቶቤ ከሪዮማ ጋር ሲገጥም ደራሲው ልኩን ያልፋል። መለያው 119 ለ117 ይደርሳል፤ አቶቤ ራሱን ስቶ እንኳ አይወድቅም፣ እንደ ቆመ ይቀራል፤ በውርርዱም መሠረት ፀጉሩን ያጣል። የሺሺዶን ፀጉር ለሚያስታውስ አንባቢ ይህ መልካም መመሳሰል ነበር፤ ግነቱ ግን ዋጠው።

ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። ሁለቱን ትዕይንቶች የሚለያቸው የተመልካች ብዛት ብቻ አይመስለኝም። በሁለተኛው፣ የአቶቤ ጨዋነት ከሕዝብ ተሰውሯል፤ ከተጎጂው ግን አልተሰወረም። ሺሺዶ እዚያው ቆሞ ይሰማል። ይህን ልዩነት እንዳስተውል ያደረገኝ የንድፈ ሐሳብ መጽሐፍ አይደለም።

በልጅነቴ ደሃና ውስጥ የቴኒስ መረብ አላየሁም፤ ገና ግን ነበር። ከአምደ ወርቅ ብዙም በማይርቅ ሜዳ ላይ የላይኛውና የታችኛው መንደር ልጆች ዱላችንን ይዘን ሩር ስንጋፋ እንውል ነበር። የእኛ ወገን መሪ ከሁላችን በሁለት ወይም በሦስት ዓመት የሚበልጥ እረኛ ነበር፤ ሩር ያሳለፈን ልጅ በዱላ ከመምታት አይመለስም። አንድ ዓመት በጨዋታው መካከል ጠራኝና በሁለቱ መንደር ሰው ፊት «ፈሪ! ውጣ!» አለኝ። አልፈራሁም ነበር። ቁርጭምጭሚቴ አብጦ ስለ ነበር ማንከሴ ነው እንጂ። ወጣሁ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮም «ፈሪው» ተባልሁ። ሰቆጣ ለትምህርት እስክሄድ ድረስ በስሜ የጠራኝ እኩያ አልነበረም ማለት እችላለሁ።

ከብዙ ዓመታት በኋላ እናቴ ወሬ ስታነሣ፣ ያ ልጅ በዚያው ቀን ማታ ቤታችን መጥቶ እንደ ነበር ነገረችኝ። የታችኞቹ ያበጠውን እግሬን አይተው በዱላ ሊያነጣጥሩበት ሲማከሩ ሰምቷል፤ በደኅና ቃል ቢያስወጣኝ እንቢ እንደምል ያውቃል። «እግሩ እንዴት ዋለ?» ብሎ ጠይቋት፣ መምጣቱን እንዳትነግረኝ ለምኗት ሄዷል። እርሷም ቃሏን ጠበቀች።

እናቴ ታሪኩን ያነሣችው እርሱን ለማመስገን ነበር፤ እኔም አመሰገንሁት። ደሃና በሄድሁ ቁጥር ግን ከእኩዮቼ መካከል ዛሬም «ፈሪው መጣ» ብለው የሚቀበሉኝ አሉ።