ስሜትና ግጭት በ«ፍቅር እስከ መቃብር»

በልቦለድ ውስጥ ስሜት ገጸ ባሕርይን የሚቀርጸው እንቅፋት ሲገጥመው ነው። ያፈቀረ ወይም የተቆጣ ሰው ስሜቱን እንዳሻው መወጣት ከቻለ አንባቢ ስለ እርሱ የሚያውቀው ጥቂት ነው። የሚፈልገውና የሚፈራው ነገር ወዲያና ወዲህ ሲጎትቱት ግን መምረጥ ግድ ይሆንበታል፤ ምርጫውም ማንነቱን ይገልጣል፣ ቀጣዩን ድርጊትም ይወልዳል።

ለንጽጽር ያህል፣ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» ጦርነት፣ ምርኮና መለያየት ሞልቶታል። ዋና ገጸ ባሕርይዋ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ወንድሟን ፍለጋ ትወጣለች። ልብን የሚነኩ ስሜቶች አሉ፤ ግጭቱ ግን ከውጭ የመጣ ነው። ጦቢያ ከራሷ ጋር አትጣላም፤ ከመነሻዋ ደግ ናት፣ እስከ መጨረሻም ደግ ናት። ችግሩ ሲወገድ ታሪኩም በሰርግ ይፈታል።

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ግጭቱ ሰዎቹ ውስጥ ገብቷል። በዛብህ ወላጆቹ በሕፃንነቱ ለእግዚአብሔር የተሳሉት ልጅ ነው፤ ሚስት ሳያገባ ቤተ ክርስቲያንን ሊያገለግል ይገባዋል። የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን ማፍቀሩ ብቻውን ቢሆን የድኻ ልጅና የባላባት ልጅ ፍቅር ሆኖ በቀረ ነበር፤ ይህ ደግሞ የመደብ ልዩነትን ከማሳየት ብዙም አይዘልም። ስለቱ ግን ከበዛብህ ውጭ የቆመ አጥር አይደለም፤ እርሱም ያምንበታል። ፊታውራሪ መሸሻን መሸሽ ይቻላል፤ ከስለት ወዴት ይሸሻል? የአብነት ትምህርት ቤትን ሕይወት ኖረው የሚያውቁት ደራሲ ይህን ፍርሃት አላጋነኑትም፤ በየድርጊቱ ሥር እንዲፈስ ትተውታል። የበዛብህ ዝምታና ማመንታት ከድክመት የማይቆጠረውም ለዚህ ነው።

ፊታውራሪ መሸሻ በብዙ ውይይት የጭቆና ምሳሌ ተደርገው ይጠቀሳሉ። ይህ ግማሽ እውነት ነው። ልጃቸውን የሚወዱ አባት ናቸው፤ የዘር ኩራታቸው ግን ለእርሷ የሚመጥን ባል አሳጥቷቸዋል። በሚወዷት ልጅና በሚኮሩበት ዘር መካከል ተይዘው ሁለቱንም ያጣሉ። ባላገሩ ከልማድ ያለፈ ግብር አንሰጥም ብሎ ሲያምጽና በአበጀ በለው መሪነት ሲማርካቸው የሚወድቀው ይኸው ኩራት ነው። ስለዚህ የገበሬው አመጽ ከፍቅሩ ታሪክ ጎን የተለጠፈ ሌላ ታሪክ አይሆንም፤ አንዱ ስሜት በእልፍኝም በጦር ሜዳም ይፈተናል። በፊታውራሪ ላይ ሳቅ የሚያጭሩት ትዕይንቶችም ጉልበታቸውን የሚያገኙት ከዚሁ ኩራት ነው።

ሰብለ ወንጌል እንደ ጦቢያ ልብስ ለውጣ፣ መነኩሴ መስላ ቤቷን ጥላ ትወጣለች። በጦቢያ ልብሱ ለጉዞ የሚያገለግል ብልሃት ነው። በሰብለ ግን ፍርሃቷን፣ ለወላጆቿ ያላትን መታዘዝና ክብሯን ካመዛዘነች በኋላ የመጣ ውሳኔ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ወደ ቀድሞዋ ሰብለ መመለሻ የለም።

በዚህ ሚዛን ሲታይ ደካማው ገጸ ባሕርይ ብዙዎች የሚወዱት ጉዱ ካሣ ነው። ግጭቱ ከኅብረተሰቡ ጋር ነው፤ ከራሱ ጋር ግን የሚሟገትበት ነገር ብዙም አይታይም። ረጃጅም ንግግሮቹ የመጽሐፉን ሐሳብ ያብራራሉ፤ ትልሙን ግን ያስቆሙታል። በተናገረ ጊዜ አንባቢ ይስማማል፤ ስለ ዕጣው የሚሰጋው ግን ለሰብለና ለበዛብህ የሚሰጋውን ያህል አይደለም።

የበዛብህ አሟሟትም ለክርክር ክፍት ነው። መንገድ ላይ በሽፍቶች እጅ መቁሰሉ አጋጣሚ ነው፤ ከስለቱም ከፊታውራሪም በቀጥታ አይመነጭም። ሆኖም በዛብህን ወደዚያ መንገድ፣ ሰብለንም ወደሚያጣጥርበት ቦታ ያመጣቸው የየራሳቸው ምርጫ ስለሆነ አደጋው ትልሙን አይሰብረውም። ልቦለዱ ከንግግሮቹ መርዘም ይልቅ በዚህ ይመዘን ከተባለ፣ በአማርኛ ስሜትን ወደ ድርጊት በመለወጥ ረገድ ከቀደሙት ሥራዎች እጅግ ርቆ ሄዷል።