«ዋስትና» እና «አጭር ሥነ ሥርዓት»፦ በሁለት የሕግ ቃላት ላይ የቀረበ ሂስ

የሕግ ቃል አተረጓጎም ሲጓደል ጉድለቱ በመጽሐፍ ላይ አይቀርም፤ ወደ ችሎት ይገባል፣ ከችሎትም ወደ ሰው ንብረት ይደርሳል። ፋብሪካዎች፣ መጋዘኖችና የጉምሩክ ጣቢያ በተጎራበቱባት በአቃቂ ቃሊቲ ይህ ጉዳይ የዘወትር ነው። ባንክ ለሥራ ተቋራጭ የሚጽፈው ሰነድ «ዋስትና» ይባላል። ወንድም ለወንድሙ ብድር የሚፈርመውም፣ ተጠርጣሪ ከእስር የሚለቀቅበትም በዚሁ ስም ይጠራል። የምግብ ዋስትና እንኳ ከዚሁ ቃል ተወስዷል።

ሕዝቡ ግን ድሮውንም ነገሩን ለይቶ ያውቃል። «ተያዥ» ስለ ሌላው የሚያዘው ሰው ነው፤ «መያዣ» ደግሞ ለዕዳው የሚያዘው ንብረት ነው። ከአንድ ግሥ የወጡት እነዚህ ሁለት ቃላት ሰውን ከዕቃ አጥርተው ይለያሉ። «ዋስትና» ግን ሁሉንም ጠቅልሎ ይዟል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1920 እና ተከታዮቹ የደነገገው ዋስትና፣ ባለዕዳው ግዴታውን ባይፈጽም በእርሱ ፈንታ ለመፈጸም የሚገባ ግዴታ ነው። ውሉ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ በቁጥር 1922 መሠረት ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ ልክ ካልተገለጸም አይጸናም። ይህ ዋስትና ዋናውን ዕዳ የሚከተል ነው፤ ዕዳው ከሌለ እርሱም የለም። ባንክ «ሲጠየቅ ያለ ቅድመ ሁኔታ እከፍላለሁ» ብሎ የሚጽፈው ሰነድ ግን ጠባዩ ሌላ ነው። የዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ ያዋለው ቁጥር 758 ደንብ እንዲህ ያለውን ሰነድ ከዋናው ውል ነጻ አድርጎ ይቈጥረዋል።

ልዩነቱ ከፍ ብሎ የሚታየው በ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 284 ላይ ነው። አንቀጹ በአጭር ሥነ ሥርዓት ሊቀርቡ የሚችሉትን የገንዘብ ክሶች ሲዘረዝር፣ ልኩ የታወቀ ገንዘብ ለመክፈል የተጻፈን ሰነድ በአንድ ወገን፣ ዋስትናን በሌላ ወገን ያስቀምጣል። በዋስትና የሚቀርበው ክስ በዚህ መንገድ የሚሄደው ከዋናው ባለዕዳ የሚጠየቀው ዕዳ ወይም ልኩ የታወቀ ገንዘብ ብቻ ሲሆን ነው። እንግዲህ ዋናው ውል ሕንፃ የመሥራት ግዴታ ከሆነስ? የባንኩ ሰነድ «ዋስትና» ከተባለ በዚህ በር ላይ ይቆማል፤ «የክፍያ ግዴታ» ከተባለ ግን በሌላው በር ለመግባት መከራከሪያ ያገኛል። ዳኛው የሚመረምረው የሰነዱን ይዘት ቢሆንም፣ ክርክሩን የሚጀምረው ስሙ ነው።

«የተወሰነ ገንዘብ» የሚለው አነጋገርም ለዚህ ቦታ አይበቃም። በአማርኛ «የተወሰነ» ማለት ቁርጡ የታወቀ ማለት ነው፤ «ጥቂት» ማለትም ነው። በችሎት የሚፈለገው የመጀመሪያው ፍቺ ብቻ ስለሆነ «ልኩ የታወቀ» ማለት ይሻላል።

«አጭር ሥነ ሥርዓት» የሚለውም አንባቢን ያሳስታል፤ ሰሚው ቀጠሮ የሚያጥርበት ብቻ ይመስለዋል። የሥርዓቱ እምብርት ግን ሌላ ነው። ከሳሹ የገንዘቡን ልክ በቃለ መሐላ አረጋግጦ፣ ተከሳሹ መከላከያ የለውም ብሎ እንደሚያምን ይገልጻል። ተከሳሹም እንደ ተራ ክስ መልስ አይሰጥም፤ አስቀድሞ ለመከላከል ፈቃድ መጠየቅ አለበት፤ ፈቃድ ካላገኘ ይፈረድበታል። ያጠረው የተከሳሹ የመከላከል መብት ነው። መጥሪያ የደረሰው ዋስ «አጭር» የሚለውን አይቶ «ቀላል ነገር ነው» ቢል፣ ቤቱን ሊያሳጣው ይችላል። ሕጉ «የተፋጠነ» የሚለው ሌላ ሥርዓት ስላለውም ሁለቱ በቀላሉ ይምታታሉ።

መዝገበ ቃላት ሕግን አይለውጥም፤ ስለዚህ የጸኑትን ቃላት ማንሳት አይገባም። ይልቅስ ገላጭ ቃል ይጨመርላቸው። ዕዳን የሚከተለው «ተከታይ ዋስትና»፣ ሲጠየቅ የሚከፈለው «ራሱን የቻለ የክፍያ ግዴታ» ይባል። የ«አጭር ሥነ ሥርዓት» ፍቺም «ተከሳሹ ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ መከላከያ የማያቀርብበት የገንዘብ ክስ አካሄድ» ተብሎ ይጻፍ። ሲረዝም ረዝሟል፤ ነገር ግን ለፈራሚው እውነቱን ይነግረዋል።