መጀመሪያ ለአራሷ

የመጀመሪያ ልጃቸውን የሚጠብቁ እናቶች ሰባተኛ ወራቸው ላይ ለክትትል ሲመጡ ስልካቸውን ከፍተው የሚገዙትን ዕቃ ዝርዝር ያሳዩኛል። የሕፃን አልጋ፣ ጋሪ፣ መታጠቢያ ገንዳ፣ ጡጦ ከነመቀቀያው፣ በየወሩ የሚቀያየር ልብስ፣ በካርቶን የታሸገ ዳይፐር። ዋጋውን ደምረው ደንግጠዋል፤ ከዚህ ውስጥ የትኛው ቢቀር ይሻላል ይሉኛል። እኔ ግን ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት ሌላ ነገር እጠይቃለሁ። የሚያርስሽ ማን ነው? አጥሚት የሚያፈላልሽስ? ሌሊት ሕፃኑ ሲያለቅስ አብሮሽ የሚነሳ ሰው አለ? ብዙዎቹ ዝም ይላሉ። ዕቃው ሁሉ ታስቦበታል፤ እናቲቱ ግን አልታሰበችም።

ደብረ ብርሃን ላይ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ሙያውን የተማርኩት ትምህርት ቤት ቢሆንም አራስ መጠበቅን ያስተማሩኝ ወላዶቹን ተከትለው የሚመጡ አሮጊቶች ናቸው። ከእነሱ ያየሁት ነገር ቢኖር፣ የድሮው ቤት ለሕፃኑ የሚያዘጋጀው በጣም ጥቂት መሆኑን ነው፤ ያለቀ ነጠላ፣ ማዘያ፣ አንድ ሳፋ። ለወላዷ ግን ከወራት በፊት ጀምሮ ይጠራቀማል። ቅቤው ይነጠራል፣ አጃው ተፈትጎ ይፈጫል፣ የገንፎው ገብስ ይሰናዳል፣ ማሩ በቅል ይቀመጣል፣ የቻለ በግ ያስራል። ለመጀመሪያ ልጇ ከሆነ እናቷ ቤት ሄዳ ትታረሳለች። ወንድ በ40 ሴት በ80 ቀን ክርስትና እስኪነሱ ድረስ ውሃ መቅዳትም እንጀራ መጋገርም የሷ ሥራ አይደለም። ጎረቤት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ሲገባ ባዶ እጁን አይመጣም።

ይህን እንደ ድግስ ብቻ የሚያዩት ሰዎች አሉ። እኔ የማየው እንደ ቁጠባ ነው። የምታጠባ እናት በቀን 500 ካሎሪ ገደማ ተጨማሪ ምግብ ያስፈልጋታል፤ ቅቤ ጣል የተደረገበት ሁለት ብርጭቆ የአጃ አጥሚት ብዙውን ይሸፍናል። ጡት ደግሞ በተጠባ ቁጥር ነው ወተት የሚሠራው፤ ለመጠባት ጊዜ፣ ለጊዜው ዕረፍት ያስፈልጋል። በሳምንቷ ተነስታ ምጣድ ላይ የተጣደች እናት የማጥቢያ ሰዓቷ ይቀንሳል፣ ወተቷ ይቀንሳል፣ ከዚያ አንዱ «ወተትሽ አልበቃውም» ይላትና የቆርቆሮ ወተት ይገዛል። አንድ ቆርቆሮ ዱቄት ወተት ደግሞ ቀናት ነው የሚቆየው። ወጪው የሚጀምረው ከዚያ ነው፤ ተቅማጡም እንዲሁ። ለአራሷ የወጣው የቅቤና የአጃ ገንዘብ ከዚያ ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደለም።

ብዙ ጤና ጣቢያዎች ይህን ተረድተው የእናቶች ማቆያ ቤት አላቸው፤ ኅብረተሰቡ እህልና ቅቤ ያዋጣል፣ ወላዷ ገንፎዋን እዚያው ትበላለች፣ ቡናም ይፈላል። ድሮ ቤቷን ትታ መውለድ የከበዳት ሴት አሁን የምትመጣው በገንፎው ጭምር ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ወደ ጨርቁ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ብዙ የምለው አለኝ። ለሽንት ጨርቅ ከአሮጌ ጋቢ የሚበልጥ የለም። ጋቢ አራት ድርብ ነው፤ ድርቡ ሲተረተር ከአንዱ ብዙ ስስ ጨርቅ ይወጣል። አዲስ ጥጥ ደጋግሞ ካልታጠበ ውሃ አይጠጣም፣ ለሕፃን ገላም ይሻክራል። ዓመታት የታጠበው ግን ለስልሷል፣ ሽንቱን ወዲያው ይስባል፣ ቶሎ ይደርቃል። አንድ ክንድ በአንድ ክንድ ቆርጦ ዳሩን መጥለፍ ነው። አራስ ሕፃን በቀን 10 ጊዜና ከዚያም በላይ ስለሚያረጥብ ከ20 እስከ 25 ቁራጭ ያስፈልጋል፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ለሚወለድ ግን ከዚያም ጨመር አድርጉ እላለሁ። እኛ አገር ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነን፤ በክረምት ጨርቅ ሁለት ቀን ተሰጥቶ ላይደርቅ ይችላል።

አስተጣጠቡም ሙያ አለው። ሰገራ የነካው ጨርቅ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ነው የሚለቀለቀው፤ ሙቅ ውሃ እድፉን ያስይዘዋል። ቀጥሎ ሙቅ ውሃና ተራ ሳሙና፣ ከዚያ ሳሙናው ፈጽሞ እስኪለቅ ድረስ ደጋግሞ ማለቅለቅ። የሕፃኑ መቀመጫ ቀልቶ የሚያመጡልኝ እናቶች ብዙ ጊዜ ችግራቸው ጨርቁ ውስጥ የቀረው ሳሙና ወይም በረኪና ነው፤ አለዚያም ሳይቀየር የቆየ ጨርቅ። ፀሐይ ካለ ፀሐይ ላይ፣ ከሌለ ካውያ። ለመንገድና ለሌሊት ዳይፐር የምትጠቀም እናት ምንም አላጠፋችም። ቀኑን በጨርቅ ከዋለች የዳይፐር ወጪዋ በራሱ ይወርዳል።

ልብስ ላይ አልቆይም። ከታላቁ ለታናሹ፣ ከጎረቤት ለጎረቤት የሚዞር የሕፃን ልብስ ከአዲሱ ይሻላል፤ ሕፃኑ በወራት ውስጥ ስለሚያድግበት ሳያልቅ ነው የሚተላለፈው። የመንዝ ባና ከላይ ይደረብ እንጂ ገላውን አይንካው፤ ሱፉ ይኮሰኩሳል። ፊትና አፍንጫ ድረስ ባይደርስ ደግሞ የበለጠ ደስ ይለኛል። ሕፃን በጀርባው ይተኛል፣ ትራስም አያስፈልገውም።

ጋሪ የሚለውን ከዝርዝሩ ላይ ያለ ርኅራኄ ነው የምሰርዘው። በኮብልስቶንና በአቀበት ከተማ ጋሪ ምን ይሠራል? አያቶቻችን አንቀልባ ነበራቸው፤ በቅቤ የለሰለሰ ቆዳ፣ ጠርዙ በዛጎል ያጌጠ፣ ጠፍሩ ደረት ላይ የሚታሰር። አንቀልባ ያላገኘች በጋቢ ወይም በነጠላ ታዝላለች። አስተዛዘሉ ላይ ግን እቆጣለሁ። የሕፃኑ እግሮች ተከፍተው የእናቱን ወገብ ያቅፉ፣ ጉልበቱ ከመቀመጫው ከፍ ይበል፤ ለዳሌው አጥንት የሚበጀው እንዲህ ነው። እግርን ገጥሞና ቀጥ አድርጎ መጠቅለል ዳሌን ይጎዳል። አንገቱ እስኪጠና፣ ማለትም ሦስት አራት ወር እስኪሆነው፣ ከጀርባ ይልቅ ከፊት ይያዝ፤ አገጩ ደረቱ ላይ እንዳይደፋ፣ አፍንጫው እንዳይሸፈን።

ያለ ጊዜው ለተወለደ ሕፃን መታቀፍ ሕክምና ነው። በኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታ፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ማሞቂያ ያጠረው ሆስፒታል ሐኪሞቹ ሕፃናቱን ራቁታቸውን በእናቶቻቸው ደረት ላይ ማሰር ጀመሩ። የካንጋሮ እንክብካቤ የሚባለው ይህ ነው። እዚሁ አዲስ አበባ ቦጋለ ወርቁና አሳዬ ካሴ ክብደታቸው ያነሰ ሕፃናትን በሁለት ወገን ከፍለው ባደረጉት፣ እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመው ጥናት፣ ወዲያው በእናት ገላ ከታቀፉት ወገን የሞቱት ያነሱ ሆነው ተገኙ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ከተወለዱበት ሰዓት ጀምሮ በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት እንዲታቀፉ ይመክራል። ገላ ለገላ ሲነካካ ሕፃኑ ይሞቃል፣ ትንፋሹ ይስተካከላል፣ ጡቱም ቅርቡ ነው። አባትም ደረት አለው፤ እናቲቱ ስትተኛ እሱ ይታቀፍ።

ሙቀት ካነሳሁ ስለ ከሰል ሳልናገር አላልፍም። የአራስ ክፍል በር ዘግቶ የከሰል ምድጃ ማስገባት ይገድላል። ጭሱ ጠፍቶ ፍሙ ብቻ ሲቀር ሰው ደኅና የሆነ ይመስለዋል፤ የሚገድለው ጋዝ ግን ሽታም ቀለምም የለውም። እናትና ልጅ አብረው ተኝተው አብረው ይቀራሉ። እኔ በዚህ ጉዳይ ከአሮጊት ጋር እንኳ እከራከራለሁ።

የድሮው ሁሉ ደግሞ አይወረስም። አሮጊቶቹን ስለማከብራቸው ነው ፊት ለፊት የምነግራቸው። «እማማ፣ ቅቤውን ለእናቲቱ እንጂ ለሕፃኑ አያውጡት።» የተወለደን ሕፃን ቅቤ ማዋጥ፣ ስኳር በውሃ ማቅመስ፣ ቢጫውን እንገር ቆሽሿል ብሎ አልቦ መድፋት፣ እትብት ላይ ፋንድያ ወይም ቅቤ መቀባት፣ እንጥል መቁረጥ፣ ያልወጣ ጥርስ ከድድ ፈልፍሎ ማውጣት፣ ዓይን ላይ ኩል መኳል፤ ከእነዚህ አይቅር የሚባል አንድም የለም። እንገር የመጀመሪያው ክትባት ነው፣ ያለ ዋጋ የሚገኝ። ከሁሉ የሚገርመኝ ይህን ውድ ነገር ደፍቶ ሌላ ለመግዛት የሚሮጠው ቤት ነው።

ስለ ፀሐይም ልናገር፤ በ13 ወር ፀሐይ አገር እየኖርን ሕፃኖቻችን በፀሐይ እጦት አጥንታቸው ይጎብጣል። ምክንያቱ መጠቅለሉ ነው፤ ቡዳ ያየዋል ብርድ ይመታዋል ተብሎ ቤት ይዘጋበታል። ጠዋት ፀሐዩ ሳይጠነክር እጁና እግሩ ተገልጦ ጥቂት ደቂቃ ይሙቅ። ለዚህም ደጃፍ ላይ መቀመጥ ይበቃል።

አንድ ሌላ ነገር አለ፣ የማዋለጃ ክፍሉ ውስጥ የምሠራው። ሕፃኑ እንደወጣ እትብቱን ወዲያው አልቆርጥም፤ ጤነኛ ከሆነ ከአንድ እስከ ሦስት ደቂቃ እጠብቃለሁ። በዚያች ጊዜ ከእንግዴ ልጁ ወደ ሕፃኑ የሚፈሰው ደም ለወራት የሚበቃ ብረት ይዞ ይገባል። ይህ ስንቅ የሚያልቀው ስድስት ወር አካባቢ ነው፤ እስከዚያ ከጡት ሌላ ውሃም አያስፈልግም። ከዚያ በኋላ ግን ጡት ብቻውን አይበቃም።

ምጥን የሚዘጋጀው ያኔ ነው። ሦስት እጅ እህል፣ አንድ እጅ ጥራጥሬ፤ ስንዴ ወይም ገብስ ወይም አጃ፣ ከሽምብራ ወይም ከአተር ጋር። ጥራጥሬው ታጥቦ፣ ተቆልቶ፣ ተከክቶ ከእህሉ ጋር ይፈጫል። በስዊድን ድጋፍ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የወጣው ፋፋም መሠረቱ ይኸው ነው፤ ስንዴና ጥራጥሬ፣ ወተትና ቪታሚን ተጨምሮበት። የቤት ምጥን ችግሩ ውፍረቱ ነው። የሕፃን ሆድ ትንሽ ናት፤ ገንፎው ሲወፍር አይዋጥለትም፣ በውሃ ሲቀጥን ደግሞ ሆዱን የሚሞላው ውሃ ይሆናል። ለዚህ መፍትሔው የጠላ ጠማቂ ቤት ነው ያለው። ገንፎው ወፍሮ ከበሰለ በኋላ ከእሳት ይውረድ፣ ለብ ሲል አንድ የሻይ ማንኪያ ንጹሕ የገብስ ብቅል ዱቄት ይማሰልበት። በደቂቃዎች ውስጥ ራሱ ይቀጥናል፤ ብቅሉ ስታርቹን ይቆራርጠዋል። ከዚያ ተመልሶ አንድ ጊዜ ይፍላ። ውሃ ሳይጨመር ቀጭን ሆነ፤ ጉልበቱ ግን ሙሉ ነው። እንቁላል፣ የተቀቀለ ጎመን፣ ትንሽ ዘይት ይግባበት። ማር እስከ አንድ ዓመት አይነካም። ጡቱ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥላል።

በዚህ መሃል ሥራ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ ሠራተኛ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ከነደመወዟ ይሰጣታል። ስድስት ወር ጡት ብቻ አጥቢ የምላት እናት ሦስተኛው ወር ላይ ቢሮ ትገባለች። ወተቷን በእጇ አልባ በንጹሕ ክዳን ባለው ዕቃ ታስቀምጥ፤ ከማቀዝቀዣ ውጭ 4 ሰዓት፣ በማቀዝቀዣ እስከ 4 ቀን ይቆያል። ለመስጠት ጡጦ አይፈለግም፤ ሲኒና ማንኪያ ለማጠብም ለመቀቀልም ይቀላል፣ ከተወለደበት ዕለት ጀምሮም ሕፃን ከሲኒ ይጠጣል። ግን ቤት የምትቀረዋ ሞግዚት ወይም አያት ይህን እናቲቱ ከመውለዷ በፊት እዚሁ መጥታ ትማር።

ልጃቸውን ሊያርሱ አሜሪካና አረብ አገር የሚሄዱ እናቶችም ምክር ይጠይቁኛል። በሻንጣቸው በሶና አጃ፣ የነጠረ ቅቤም ይዘዋል፤ ጥሩ ነው። ከዚያ በላይ የሚጠቅመው እነሱ መሄዳቸው ነው፤ እዚያ ያለችው ልጅ ዕቃ አልጎደላትም፣ ሰው ነው የጎደላት። እዚህ ከተማ ግን እናቷ የሞቱባት፣ ወይም ሩቅ ገጠር የቀሩባት ወላድ እየበዛች ነው። ስለዚህ ባሎችን በስምንተኛው ወር አብረው እንዲመጡ እጠራለሁ። አዋጁ ለአባት የሰጠው 3 ቀን ብቻ ነው፤ ሌሊቱ ግን የሁሉም ነው። አጥሚት እንዴት እንደሚማሰል፣ ጨርቅ ለምን በቀዝቃዛ ውሃ እንደሚጀመር፣ ሕፃን በደረት እንዴት እንደሚታቀፍ ቁጭ ብለን እናወራለን። አንዳንዶቹ መጀመሪያ ያፍራሉ። ከወለዱ በኋላ ለክትባት ሲመጡ ግን ጨርቁ ስንት እንደቀረ፣ ቅቤው መቼ እንደሚያልቅ ከሚስቶቻቸው ቀድመው የሚነግሩኝ እነሱ ናቸው።