ሰባራ ድልድይ በእንግሊዝኛ ክፍል

«ቲቸር፣ ድልድይ እንዴት ይቃጠላል? ድንጋይ አይደል እንዴ?»

አየር ጤና ውስጥ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን እንግሊዝኛ የሚያስጠኑ አንድ አንጋፋ መምህር እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣላቸው ደስታቸውን አይደብቁም። ጠያቂዋ «በርን ዩር ብሪጅስ» የሚለውን ፈሊጥ ከአጋዥ መጽሐፍ አግኝታ ፍቺውን ሸምድዳለች። ፍቺው ትክክል ነው፤ መመለሻን በገዛ እጅ ማጥፋት። ያልገባት እሳቱ ነው።

መምህሩ ከባልደረቦቻቸው ጋር የሚጨቃጨቁትም በዚሁ ጉዳይ ነው። ብዙዎቹ ፈሊጥን በዝርዝር ይሰጣሉ፤ በግራ እንግሊዝኛው፣ በቀኝ ትርጉሙ፣ ሃያውን አጥንታችሁ ኑ። ፈተና ደርሷል፣ ጊዜ የለም ይላሉ። እርሳቸው ይህን አይቀበሉም። በዝርዝር የተጠና ፈሊጥ የፈተና መልስ ያስመርጥ ይሆናል እንጂ ተማሪው በራሱ ዓረፍተ ነገር ሊጠቀምበት ሲሞክር ያለ ቦታው ይገባል ባይ ናቸው።

ስለዚህ ትምህርቱን ከዓባይ ይጀምሩታል። በወንዙ ላይ ሞጣንና እስቴን ያገናኝ የነበረው ሰባራ ድልድይ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ፋሲል ዘመን እንደተሠራ ይነገራል። በጣሊያን ወረራ ጊዜ አርበኞች የጠላት ጦር እንዳይሻገር አንዱን ቅስት አፈረሱት። እንግሊዝኛው የተወለደውም ከእንዲህ ያለ የጦር ሜዳ ውሳኔ ነው፤ ልዩነቱ የእነሱ ድልድይ እንጨት ስለነበር መቃጠሉ፣ የእኛው ድንጋይ ስለሆነ መሰበሩ ነው። ተማሪዋ መልሷን እዚህ ታገኛለች። መምህሩ ግን በዚህ አያበቁም።

ጠላት በ1933 ዓ.ም. ተባረረ፤ ክፍተቱ ግን ቀረ። ጣሊያንን ያገደው ገደል ገበያተኛውንም፣ ለቀስተኛውንም አገደ። ለአሥርተ ዓመታት ሰው በገመድ ታስሮ፣ ከማዶ በቆሙ ወንዶች እየተጎተተ ተሻገረ። ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ያወጣውን የዚህን ሁኔታ ፎቶ እ.ኤ.አ. በ2001 የተመለከተ ኬን ፍራንትዝ የሚባል አሜሪካዊ «ብሪጅስ ቱ ፕሮስፔሪቲ» የተባለ ድርጅት አቋቁሞ በዓመቱ ክፍተቱን በብረት አስጠገነ። እሱንም በ2005 ጎርፍ ወሰደው። በ2009 በአካባቢው ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። ዛሬ ፈሊጡ ከመሥሪያ ቤት ተሳድቦ ለሚወጣ ሰው ይነገራል፤ ይህን ታሪክ የሰማ ተማሪ ግን የቆረጡት መንገድ ለስንት ዘመን ተቆርጦ እንደሚቀር አብሮ ይገባዋል።

ብዙ የሚያጣላቸው ሌላው ፈሊጥ «ዋተር አንደር ዘ ብሪጅ» ነው። ተማሪዎች ሁልጊዜ «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» ብለው ይጽፋሉ፤ እርሳቸው ሁልጊዜ ይሰርዙታል። የእኛው ለጸጸት የሚባል ነው። እንግሊዝኛው ግን ተጣልተው ለታረቁ፣ ቂሙ ለወጣላቸው ሰዎች ነው። የሚስማማው ቦታ የሽምግልና ማብቂያ ላይ፣ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ከተባለ በኋላ ነው።

ሌሎቹ ብዙ አያደክሙም። «ኤ ብሪጅ ቱ ፋር» የተስፋፋው ኮርኔሊየስ ራያን እ.ኤ.አ. በ1974 ስለ አርነም ውጊያ ባሳተመው መጽሐፍ ነው፤ በመስከረም 1944 የተባበሩት ኃይሎች ሆላንድ ውስጥ ካለሟቸው ድልድዮች የመጨረሻውን መያዝ አቅቷቸው ነበር። ለሞኝ ሰው «ድልድይ ልሽጥልህ» የሚባለው ደግሞ የብሩክሊንን ድልድይ ለየዋህ ገዢዎች ሲሸጥ ከኖረው ከአጭበርባሪው ጆርጅ ፓርከር ጋር ይያያዛል። አንድ ቦታ ለሁለት ሰው የሚሸጥ ደላላ ባለበት ከተማ ይህን ማስረዳት ቀላል ነው።

መምህሩ ትውልዳቸው ሞጣ አካባቢ ነው። እናታቸው የእስቴ ሰው ነበሩ፤ ዓባይን ተሻግረው የተዳሩ። የወንድማቸው መርዶ ሲመጣ በገመድ ተጎትተው ነው ለቅሶ የደረሱት። እናትየው አርበኞቹን አንድ ቀን ወቅሰው አያውቁም፤ ገመዱን ግን እስከ ዕድሜያቸው ማብቂያ እንደፈሩ ኖሩ። የእንግሊዝኛ መምህር ሆነው «በርን ዩር ብሪጅስ» የሚለውን ፈሊጥ በመጽሐፍ ባገኙት ጊዜ መምህሩ የሚያውቁትን ነገር በባዕድ ቋንቋ አነበቡ። ከዚያ ወዲህ በአንድ መስመር ፍቺ ሊያልፉት አልሆነላቸውም።

ባልደረቦቻቸውን የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ ከሃያው ፈሊጥ አሥራ አምስቱን ትታችሁ አምስቱን ከነታሪካቸው አስተምሩ፤ ክፍላችሁ ውስጥም አያቷ ወንዝ በገመድ የተሻገሩ ልጅ እንዳለች ጠይቁ።