«የሕይወት ታላቅ መንኰራኵር» እና የተቀጣሪው ናፍቆት

ሚኪ ማክ ጋውን የተባለው የዶኔጋል ሰው በ1948 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ከመሞቱ በፊት የሕይወቱን ታሪክ በአይሪሽ ቋንቋ ለልጁ ባል ለሾን ኦ ሄዮኺ አጫውቶታል። ጸሐፊው የአየርላንድ የፎክሎር ኮሚሽን ሠራተኛ ስለ ነበረ ቃሉን በሙያው መዝግቦ አኑሮታል። መጽሐፉም በ1959 «የሕይወት ታላቅ መንኰራኵር» ማለት በሚሆን አርእስት ታተመ። ቫለንቲን አይረመንገር በ1962 ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሰው ግን አርእስቱ «ወደ ክሎንዳይክ የሚወስደው አስቸጋሪ መንገድ» ሆነ። ለውጡ ቀላል አይደለም። መንኰራኵር ዞሮ ወደ ተነሣበት ይመለሳል፤ መንገድ ግን ወደ ፊት ይሄዳል፤ በዚህኛው መንገድ ጫፍም ወርቅ አለ። ስለዚህ የእንግሊዝኛው አንባቢ ገና ከሽፋኑ የወርቅ ፈላጊ ጀብዱ ይጠብቃል። ለሕዝብ ኑሮ ጥናት ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ከወርቁ በፊት ያለው የእርሻ ቅጥር ነው።

ሚኪ በ1865 ተወልዶ ዐሥር ዓመት ሳይሞላው በሌተርኬኒ የቅጥር ገበያ ቆመ። ገበያው በዓመት ሁለት ጊዜ፥ በግንቦትና በኅዳር ይውል ነበር። ከምዕራብ ዶኔጋል ድኻ መንደሮች የመጡ ልጆች ጥቅልላቸውን ይዘው ሲቆሙ የላጋን ለም ምድር ገበሬዎች ጕልበታቸውን መርምረው ለስድስት ወር ይዋዋሏቸዋል። ደመወዙ የሚከፈለው ወራቱ ሲፈጸም ነው። ልጆቹ የሚያውቁት አይሪሽ፥ የአሳዳሪዎቻቸው ቋንቋ ደግሞ እንግሊዝኛ ነበር፤ ስለሆነም የትንሹ እረኛ ናፍቆት ከሁሉ አስቀድሞ የቋንቋ ረኃብ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

በስኮትላንድ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ለመከርና ለድንች ለቀማ የሚሻገሩት ከዘመድና ከጐረቤት ጋር በቡድን ነው፤ መኝታቸው ጐተራ ወይም የከብት ጋጣ ቢሆንም የአገራቸው ጨዋታ አይለያቸውም። ሥራው ሲያልቅ ይመለሳሉ፤ ያጠራቀሙትም ገንዘብ ለመሬት ኪራይና ለሱቅ ዕዳ ይውላል። እንግዲህ የተናፈቀው ቤት ሳይፈርስ የሚቆመው ናፋቂው ከቤት ስለ ራቀ ነው። ይህ ናፍቆት ቀጠሮ ነበረው። ቀጠሮውን ያፈረሰችው አሜሪካ ናት። ወደዚያ ለሚሄድ ሰው በመሄጃው ዋዜማ እንደ ሬሳ ሌሊት ሰው ተሰብስቦ ያድር ነበር፤ ሥርዓቱም «የአሜሪካ ለቅሶ» ይባል ነበር። በአይሪሽ «ኩዋ» የሚባለው ቃል የሙትን ኀዘንና የመለየትን ናፍቆት አንድ ላይ መያዙ በአጋጣሚ አይመስልም።

የመጽሐፉ ድካም የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ሚኪ በሞንታና ማዕድንና በክሎንዳይክ ሠርቶ በ1902 ወደ አገሩ ተመልሷል። የሚናገረው በገዛ ቤቱ፥ በገዛ ቋንቋው፥ ለገዛ ቤተ ሰቡ ነው፤ የናፍቆቱን መጨረሻ አስቀድሞ ያውቀዋል። የጸሐፊው ጥያቄዎችም ከታተመው መጽሐፍ ውስጥ ስለሌሉ የትኛው ትዝታ ራሱ እንደ ፈለቀ፥ የትኛው እንደ ተቀሰቀሰ መለየት አይቻልም። በአንጻሩ የዚያው አውራጃ ልጅ ፓትሪክ ማክጊል፥ እርሱም በልጅነቱ ተቀጥሮ በስኮትላንድ ድንች የለቀመ፥ በ1914 ባሳተመው ልብ ወለድ የአገር ቤቱን ቄስና ነጋዴ አይምርም፤ የስደተኛው ገንዘብ ወደ ማን ኪስ እንደሚገባ ያሳያል። እርሱ የጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ በ1963 የሞተውም በአሜሪካ ነው። ምሬቱ አንዳንዴ ከልክ ያልፋል፤ ሆኖም በ1915 በሌላው መጽሐፉ የድንች ለቃሚዋን ሴት ዕድል ዋና ነገር አድርጎ በመያዙ ሚኪ ያላየውን አይቷል።

ሁለቱም ቢሆኑ ለመናገር የተረፉ ናቸው። በመስከረም 1937 በስኮትላንድ ኪርኪንቲሎክ ከተማ፥ ከአኪል ደሴት የሄዱ ዐሥር ወጣት ድንች ለቃሚዎች ያደሩበት ቤት ተቃጥሎ ሞቱ፤ አስከሬናቸውም ወደ አኪል በባቡር ተመለሰ።