ቁልፍ ተረካቢዎች

በአገራችን የአንድ ሕንፃ ታሪክ ሁለት ፎቶግራፍ ነው። በአንደኛው አንድ ባለሥልጣን የመሠረት ድንጋይ ያስቀምጣል። በሁለተኛው ሌላ ባለሥልጣን (የፊተኛው ያን ጊዜ ከቦታው ተነሥቷል) ሪባን ይቆርጣል። በሁለቱ መካከል ባሉት ዓመታት፣ ሕንፃው ውስጥ የሚማረው፣ የሚያስተምረው፣ መጽሐፍ የሚያውሰውና ወለል የሚወለውለው ሰው የት ነበር? በቆርቆሮው አጥር ቀዳዳ አጮልቆ እያየ ነበር። እሱ የሚጠራው ቁልፍ ሊረከብ ነው።

ነገሩ የእህል መጋዘን ቢሆን ዝም ባልን። እህል አስተያየት የለውም። የማወራው ግን ስለ ዩኒቨርሲቲ ነው። የአርክቴክቸር መምህሩ፣ የኤሌክትሪክ መሐንዲሱ፣ የጤና ባለሙያውና የሥነ ልቡና ተመራማሪው በአንድ ግቢ ተሰብስበው ደመወዝ የሚበሉበት ቦታ ነው። አፍንጫቸው ሥር የሚቆመው ሕንፃ ግን የአማካሪ ድርጅቱና የግንባታ ጽሕፈት ቤቱ ጉዳይ ሆኖ ይቀራል።

በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ በጀርመኑ ጂ ቲ ዜድ አጋዥነት 13 አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች በአንድ ጊዜ ሲገነቡ ዘመኑ የጥድፊያ ነበር። ወጪና ጊዜ ለመቆጠብ ተብሎ በየቦታው የሚደጋገም ዓይነተኛ ንድፍ ተሠራ። ያኔ «ተጠቃሚውን ለምን አልጠየቃችሁም?» ብሎ መውቀስ ይከብዳል። የጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ መምህር ገና አልተቀጠረም፤ ተማሪውም ገና የቀለም ደብተሩን እያገላበጠ ነበር። እርግጥ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ሆና በብርድ ትንቀጠቀጣለች፤ ሰመራ ከ500 ሜትር በታች ሆና በሙቀት ትነድዳለች። «መስኮቱን በየት በኩል ላድርገው?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን ሁለት መልስ አለው። ለዚያ መልስ ግን ተማሪ መጠበቅ አያስፈልግም፣ የከተማውን ነዋሪ መጠየቅ ይበቃል።

ደግነቱ ያ ምክንያት ዛሬ አያገለግልም። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቁጥር ከ40 አልፏል። በዚያ ዘመን የተሠሩት ሕንፃዎች ከ15 ዓመት በላይ ተኖረባቸው። አራተኛውን መኝታ ቤት ከመሥራት በፊት የመጀመሪያው ውስጥ ገብቶ «እንዴት ነው?» ማለት ምን ያህል ወጪ አለው?

ሰው ተጠይቆ የማያውቅበት ሕንፃ መልሱን በራሱ ላይ ጽፎ ይኖራል። ማንኛውም ግቢ ገብታችሁ ሣሩን እዩ። ንድፍ አውጪው በድንጋይ ያነጠፈው መንገድ ዞሮ ዞሮ ይሄዳል፤ ተማሪው የጠረገው አቋራጭ ከዶርም ወደ ካፌ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። አስተዳደሩ «ሣሩን መርገጥ ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ያቆማል፣ እሾሃማ ሽቦ ይዘረጋል፤ ተማሪው ሽቦውን ያጎብጣል። ያ ቀጭን አቧራማ መስመር ሦስት ሺሕ ሰው በእግሩ የፈረመበት አቤቱታ ነው።

ቀና ስትሉ ደግሞ የታጠበ ልብስ ታያላችሁ። በመስኮቱ ብረት፣ በበረንዳው አጥር፣ በቁጥቋጦው ላይ ሁሉ። በአንድ ክፍል ስድስትም ስምንትም ሆኖ የሚያድር ወጣት ልብሱን በሳፋ እንደሚያጥብ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ አለ? ንድፉ ላይ ግን ማጠቢያው ጠባብ፣ ማስጫው የለም። ውሃ ሲጠፋ ጄሪካን የሚቀመጥበት ጥግም የለም። ሴት ተማሪዎች ከቤተ መጻሕፍት ማታ ሲመለሱ የትኛው ማዕዘን ላይ ሲደርሱ እንደሚሮጡ የሚያውቁት እነሱና ፕሮክተሯ ናቸው። የመብራት ምሰሶው የሚተከለው ግን ማንም ሳያማክራቸው ነው።

ስሙን የማልጠራው አንድ ግቢ ውስጥ ፊት ለፊቱ ሙሉ መስታወት የሆነ ቤተ መጻሕፍት አይቻለሁ። ለፎቶ ያምራል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ስትዞር አንባቢው ወንበሩን እየጎተተ ኮሪደር ይወጣል። የኤሌክትሪክ ሶኬቶቹ ግን የቀሩት እዚያው ፀሐዩ ጋ ነው። «አንድ ቀን መጥተው ቢጠይቁኝ ፀሐይ በየት እንደምትገባ እነግራቸው ነበር» አሉኝ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ። ሃያ ዓመት እዚያ ግቢ ኖረዋል።

«ኧረ እኛ እናወያያለን!» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። አዎ፣ ታወያያላችሁ። ሰው አዳራሽ ይጠራል፣ ሻይ ቡና ይባላል፣ ያለቀለት ባለቀለም ሥዕል ግድግዳ ላይ ይበራል። ሥዕሉ ላይ የኛን አገር የማይመስል ዛፍና ቦርሳ ያንጠለጠለ ፈረንጅ ይታያል። የላቦራቶሪ ረዳቱ ይነሣና «የተጠቀምንበት አሲድ የሚፈስሰው በየት ነው?» ይላል። «ጥሩ አስተያየት ነው፣ ይያዝ።» ተያዘ። ቃለ ጉባኤ ላይ ታስሮ ቀረ። ምክንያቱም ውሉ ከተፈረመ በኋላ አንድ ቧንቧ ማዛወር «ቫሪዬሽን» ነው፤ ቫሪዬሽን ገንዘብ ነው፤ በጀቱ ደግሞ እስከ ሰኔ 30 ካላለቀ ይመለሳል። በሰኔ የሚሮጥ ሰው በምን ጊዜው ይጠይቅ? የመጠየቂያው ሰዓት ባዶ ወረቀት ላይ ገና ማንም መስመር ሳያሰምር ነው።

ሌላ አገር ተሞክሯል። በአሜሪካ የኦሪገን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ክሪስቶፈር አሌክሳንደር የተባለውን አርክቴክት ጠርቶ የግቢውን ዕድገት እንዲያጠና አደረገ። ሰውየው አንድ ትልቅ ማስተር ፕላን ስሎ አልሄደም። ምን ይሠራ፣ እንዴት ይሠራ የሚለውን የሚወስኑት ተጠቃሚዎቹ ይሁኑ፣ ግንባታውም በትንሽ በትንሹ ይሂድ አለ። አሳቡን በ1975 በመጽሐፍ አወጣው፤ መምህር፣ ሠራተኛና ተማሪ ያለበት የተጠቃሚዎች ቡድን ዛሬም እዚያ የሥራው አካል ነው። በብራስልስ ደግሞ ለሕክምና ተማሪዎች የተሠራው «ላ ሜሜ» የተባለው መኖሪያ አለ። ሉሲየን ክሮል ከተማሪዎቹ ጋር እየተከራከረ የነደፈው ነው፤ የውስጥ ግድግዳው ተነቃይ ነው፣ ፊቱም ዝንጉርጉር ነው። ዩኒቨርሲቲው በውጤቱ አልተደሰተም፤ ከክሮልም ጋር ተጣላ። እንግዲህ መጠየቅ ሰላም ያመጣል ብዬ አልሸነግላችሁም። ጭቅጭቅ አለው።

«ተማሪ አላፊ ነው፣ በአራት ዓመቱ ይወጣል» ይሉኛል። ተማሪው ይወጣል፣ ልብስ ማጠቡ አይወጣም። «መምህራኑን ከጠየቅህ ሁሉም የግል ቢሮ ይላል።» ይበል! ስንት ቢሮ እንደሚቻል ነግሮ ማከራከር የአስተዳዳሪ ሥራ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ 650/2001 (በኋላ በአዋጅ 1152/2011 ተተክቷል) የሕንፃ ንድፍ የአካል ጉዳተኛ ተማሪዎችን ፍላጎት ከግምት እንዲያስገባ አዝዞ ነበር። ከዚያ ወዲህ ራምፕ በየቦታው ተሠራ። ጫፉ ላይ አንድ ደረጃ ያለበት ራምፕ አይቻለሁ። ያን ራምፕ አንድ ባለተሽከርካሪ ወንበር ተማሪ ንድፉ ላይ በጣቱ ቢከተለው ኖሮ በግማሽ ደቂቃ «እዚህ ጋ እንዴት ልለፍ?» ይል ነበር።

ውሎቻችን ላይ ጊዜያዊ ርክክብ የሚባል አለ፤ ከዚያ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓመት ተቆይቶ የመጨረሻው ርክክብ ይደረጋል። በዚያ ዓመት ኮሚቴው የተሰነጠቀ ግድግዳና የሚያፈስ ቧንቧ እየዞረ ይመዘግባል። ፕሮክተሯን፣ የላቦራቶሪ ረዳቱንና ሁለት ተማሪዎችን እዚያ ኮሚቴ ውስጥ ማስገባት የተለየ በጀት አይጠይቅም። የጻፉትም ለቀጣዩ ሕንፃ ጨረታ ሰነድ ከመውጣቱ በፊት ለነዳፊው ይሰጠው።