«አሥራ አምስት ከአሥራ አምስት»፤ ስለ ራስ ጉዳት መለኪያ የቀረበ አጭር ትችት

ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ የሚወስደው አውራ ጐዳና ቡራዩን ሰንጥቆ ያልፋል። ቡራዩ ዛሬ በሸገር ከተማ ውስጥ ተጠቃልላለች፤ የጭነት መኪናው፣ ሚኒባሱ፣ ባጃጁና እግረኛው በአንድ መንገድ መጋፋታቸው ግን አልቀረም። በመኪና ከሚደርሰው አደጋ ሌላ ከሕንፃ መወጣጫ ላይ መውደቅና በዱላ መመታትም አለ። ስለዚህ ራሱን የተመታ ሰው ወሬ እንግዳ አይደለም። እኛን የሚያሳስበን ከዚያ በኋላ የሚሰጠው ፍርድ ነው፤ ቁስሉ ከደረቀ፣ ሰውየውም ከተናገረና ከተራመደ «ድኗል» ይባላል። በዚህ ጽሑፍ የምንተቸው ይህንን ፍርድና ፍርዱ የቆመበትን መለኪያ ነው።

መለኪያውን ያወጡት በግላስጎው የነበሩት ሐኪሞች ቲስዴልና ጄኔት ናቸው፤ ዘመኑም በኤውሮፓ አቆጣጠር 1974 ነው። ዓይን መግለጥ እስከ 4፣ ንግግር እስከ 5፣ የአካል እንቅስቃሴ እስከ 6 ነጥብ ያሰጣል፤ ዝቅተኛው ድምር 3፣ ከፍተኛው 15 ነው። ከ13 እስከ 15 ያገኘ ሰው ጉዳቱ «ቀላል» ይባላል። መለኪያው ለተሠራበት ሥራ አይነቀፍም፤ የሕመምተኛው ንቃት እየደከመ መሆኑን ነርሷና ሐኪሙ በአንድ ቋንቋ እንዲነጋገሩበት አድርጓል። ስሕተቱ የንቃትን መለኪያ የማሰብ መለኪያ አድርጎ መውሰድ ነው። 15 ያገኘ ሰው ስሙን፣ ያለበትን ቦታና ወሩን ያውቃል፤ ሱቁን እንደ ቀድሞው ያስተዳድራል ማለት ግን አይደለም።

ምክንያቱ ያለው በነርቭ ክሮች ላይ ነው። ራስ በኀይል ሲናወጥ አንዱን የአንጎል ክፍል ከሌላው የሚያገናኙት ረጃጅም ክሮች ይሳባሉ፣ ይጣመማሉ፤ አንዳንዶቹ ወዲያው፣ ብዙዎቹ ግን በሰዓታትና በቀናት ውስጥ ይበጠሳሉ። ሳቢና ስትሪች በ1956 (በዚያው በኤውሮፓ አቆጣጠር) ከከባድ የራስ ጉዳት በኋላ አእምሯቸው ጠፍቶ ቆይተው የሞቱ ሰዎችን አንጎል መርምራ የእነዚህን ክሮች መፈራረስ ገልጻለች። ክሮቹ እጅግ ቀጫጭን ስለሆኑ ተራው ሲቲ ስካን ብዙ ጊዜ ጉዳታቸውን አያሳይም። እንግዲህ «ስካኑ ንጹሕ ነው» ማለት ክሮቹ ደኅና ናቸው ማለት አይሆንም።

ይህ በኑሮ ውስጥ ምን እንደሚመስል ለማየት ከቡራዩ በአስኮ በኩል ወደ ዊንጌት የሚሠራ የሚኒባስ ረዳትን እናስብ። መድረሻውን ይጣራል፤ ሒሳብ ይሰበስባል፤ ከኋላ የተቀመጠው ሰው 100 ብር ሰጥቶ መልሱን እንዳልተቀበለ ያስታውሳል፤ «ወራጅ አለ» ያለውን ይሰማል፤ በዚያውም ትራፊክ ፖሊስ መኖር አለመኖሩን ይቃኛል። ሥራውን የሚንቅ ተማሪ ቢኖር አንድ ቀን ይሞክረው! ክሮቹ የተጐዱበት ረዳት እያንዳንዱን ለብቻው ቢሰጡት ይሠራል። ሁለቱ ሲገጣጠሙ ግን አንደኛው ይጠፋዋል፤ መልስ ይረሳል፣ ወራጁን ያሳልፋል፤ ከቀትር በኋላ ይዝላል፣ ይቆጣል። ባለመኪናው «ሰነፈ» ይለዋል፤ ቤተ ሰቡ «ጠባዩ ተለወጠ» ይላል። ሁለቱም ያዩት እውነት ነው፤ ስም ሲያወጡለት ግን ተሳሳቱ።

ሊቃውንት እንደሚያስረዱት በአንጎል ውስጥ ሰው ወደ ገዛ ሐሳቡ ሲመለስ የሚሠራ አንድ መረብ አለ፤ በውጭ ያለ ሥራ ሲመጣ ይህ መረብ ዝም ማለት ይገባዋል። ዝም የሚያሰኘው ሌላ፣ አስፈላጊውን ነገር ለይቶ የሚያነቃ መረብ ነው። በ2012 የታተመ የለንደን ሊቃውንት ምርምር የዚህ የሁለተኛው መረብ ክሮች በተጐዱባቸው ሰዎች ዘንድ ፊተኛው እንደሚገባው ዝም እንደማይል አሳይቷል። ለረዳታችን የጠፋው፣ ከዚህ አንጻር ስናየው፣ ዕውቀቱ ሳይሆን ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገሪያው ነው።

ዳሩ ግን ይህን ትምህርት የሚያስፋፉትም ከትችት አያመልጡም። አንጎልን ከስልክ መሥመር ጋር ማመሳሰል ይወዳሉ። የስልክ ሽቦ ከተቈረጠ ዝም ይላል፤ አንጎል ግን በሌላ መንገድ እየዞረ ሥራውን ለመጨረስ ይሞክራል፤ የከሰዓት በኋላው ድካም አንዱ ምክንያት ይኸው ዙሪያ ጥምጥም ጉዞ ይመስለናል። በቀለም ያጌጡት የመረብ ሥዕሎችም ብዙውን ጊዜ የብዙ ሰዎች አማካይ ናቸው፤ በእነርሱ ብቻ በአንድ ሰው ላይ መፍረድ አይቻልም።

በሥዕሉ ፋንታ የቃል ፈተና እንዳናቀርብ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። በ1975 በአሜሪካ የወጣውና በብዙ አገር የተሠራጨው አጭር ፈተና ከ100 ላይ 7 እየቀነሱ መቍጠርን ወይም አንድን ቃል ከኋላ ወደ ፊት በፊደል መዘርዘርን ይጠይቃል። ፊደል ያልቈጠረች የቡራዩ ነጋዴ በዚህ ብትወድቅ የተለካው አንጎሏ ነው ወይስ ትምህርቷ? አፋን ኦሮሞ ተናጋሪ ሆና በአማርኛ ብትጠየቅስ? ከሦስት ወር በኋላ ባሏን ወይም ልጇን ጠርቶ «መልስ ትሳሳታለች ወይ? ዱቤ የወሰደውን ትረሳለች ወይ? ጫጫታ ያስመርራታል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብልጫ ያለው ይመስለናል።

ነገሩ ከሆስፒታል ወጥቶ ፍርድ ቤትም ይደርሳል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 555 የአእምሮን ጤና ለዘለቄታው የሚጐዳ ድርጊትን ከከባድ የአካል ጉዳት ይቈጥረዋል። በዱላ የተመታ ሰው የያዘው ወረቀት ግን «15፤ ስካኑ ንጹሕ» ከሚል በቀር ሌላ ከሌለበት፣ ዳኛው ከዚህ አንቀጽ የሚደርስበት መንገድ አይኖረውም።